የአሥር ሴንቲ ሜትር በር

በ1990ዎቹ መጨረሻ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቦብ ትዊግስ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሳተላይት ይሠሩ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የጠፈር ሥራ በሌላ ሲቆጠር አላየሁም።) ችግራቸው ሳተላይቱ አለማለቁ ነው። የማስተርስ ተማሪ ግቢ ውስጥ ቢቆይ ሁለት ዓመት ነው። አንዱ የጀመረውን ሳይጨርስ ይመረቃል፤ ተተኪው የቀድሞው ምን አስቦ እንደነበር ለመረዳት ወራት ይፈጅበታል፤ ገብቶት እጁ ሥራ ሲለምድ ደግሞ የእሱም ምረቃ ይደርሳል። በዚያ ላይ ቦታ እስካለ ድረስ የማይጨመር ነገር የለም። አንዱ ካሜራ ልጨምር ይላል፣ ሌላው ተጨማሪ ሬዲዮ፤ ሳተላይቱ ይወፍራል፣ የማስወንጨፊያው ዋጋም አብሮ ይወፍራል። ቤት ሲያሠራ የኖረ ሰው ይኼ ታሪክ አዲስ አይሆንበትም።

ትዊግስ መላውን ያገኙት ሱቅ ውስጥ ነው። ቢኒ ቤቢ የሚባሉት ትንንሽ የጨርቅ አሻንጉሊቶች የሚሸጡባትን ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን አዩና ልካቸውን አገኙ፤ ከዚህች የሚተርፍ ነገር ወደ ጠፈር አይሄድም። ከካሊፎርኒያ ፖሊቴክኒክ ባልደረባቸው ከጆርዲ ፑይግ-ሱዋሪ ጋር ሆነው በ1999 ልኩን በሕግ አሰፈሩት፦ ወርዷ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ጎኗ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ አንድ ኪሎ ግድም። ስሟንም ኪዩብሳት አሏት። በነገራችን ላይ ኪዩብ ትባል እንጂ ትክክለኛ ኪዩብ አይደለችም፤ መመሪያው ቁመቷን 11.35 ሴንቲ ሜትር አድርጎታል። ከሮኬቱ የምትለቀቅበት ሣጥን ውስጥ እንዳትቀረቀር ደግሞ ወርዷ ከ10 ሴንቲ ሜትር በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል የሚፈቀድላት። የመጀመሪያዎቹ በሰኔ 2003 ከሩሲያ ፕሌሴትስክ ተወነጨፉ። ዛሬ ወደ ጠፈር የወጡት ከ2,000 ይበልጣሉ።

ጠፈር ላይ ሠርቶ እንጀራ ለመብላት የሚፈልግ የኤሮስፔስ ምህንድስና ተማሪ ከዚህች ሳጥን የተሻለ በር የለውም ብዬ እከራከራለሁ። ከዲግሪው ይልቅ፣ ከነጥቡም ይልቅ። ምክንያቴን ለማስረዳት አንዲት ተማሪ ልፍጠር፤ ሰላም እንበላት። እሷ የፈጠራ ናት፤ የሚያጋጥማት ነገር ግን በየዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ በየዓመቱ የሚያጋጥም ነው።

ሰላም በ11 ዓመቷ ከእናቷ ጋር በዲቪ አሜሪካ ገባች። የሚኖሩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እንጀራው ትኩስ፣ ቡናው የሀገር ቤት። ከዚያ በመኪና ብዙ ሳይርቅ ግሪንቤልት የሚባል ከተማ አለ፤ የናሳ የጎዳርድ የጠፈር በረራ ማዕከል ያለው እዚያ ነው። የሐበሻ ቤተሰቦች በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋሉ፤ አብዛኞቹ ወደ ሥራ ሲጣደፉ አጥሩን ዞር ብለው አያዩትም። ሰላም ኤሮስፔስ ልማር ስትል እናቷ ቡናውን እየቀዳች እንዲህ አለቻት እንበል፦

«ነርሲንግ ብትገቢ ምን አለ? በተመረቅሽ በወሩ ሥራ ትይዣለሽ። ሰማይ ላይ ምን አለሽ?»

«እማዬ፣ እኔ አልሄድም እኮ። የሚሄደውን ነው የምሠራው።»

«እሺ ይሁን፤ ማን ይቀጥርሻል?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ናት። ወደ እሷ እንመለሳለን።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ካልኩለስ፣ ፊዚክስ፣ ቴርሞዳይናሚክስ ናቸው፤ ስለ ጠፈር የሚወራ ነገር እምብዛም የለም። በሦስተኛው ዓመት የምህዋር ትምህርት ይመጣል፤ ሳተላይት ማለት በሰከንድ 7.6 ኪሎ ሜትር ግድም ወደ ጎን እየበረረ ዘወትር መሬት ላይ የሚወድቅ ነገር መሆኑን፣ መሬት ግን ክብ ስለሆነች ከሥሩ እየሸሸች የማይደርስባት መሆኑን የሚያስረዳው ነው። ደስ የሚል ትምህርት ነው። ለፈተና ካልሆነ ግን ከክፍሉ ማንንም አይለይም፤ ሁሉም ያንኑ ቀመር ያውቃል። ልዩነቱ የሚመጣው ከምድር ቤቱ ነው፣ የተማሪዎቹ የሳተላይት ክበብ ከሚሠራበት፣ መስኮት ከሌለው ክፍል።

ሰላም ክበቡን ስትቀላቀል ሮኬት ሞተር የሰጣት የለም። የተሰጣት አንቴና ነው። አንቴናውም ምን መሰላችሁ? የአናጢ ሜትር። ያ ሲለቁት ጥቅልል ብሎ ወደ ቤቱ የሚገባው የብረት ሜትር፣ በመቀስ ተቆርጦ። ቀልድ አይደለም፤ ከዚህ ብረት አንቴና የሠሩ የተማሪ ሳተላይቶች ብዙ ናቸው። ርካሽ ነው፣ ይታጠፋል፣ ሲለቁት ራሱ ቀጥ ይላል። ተማሪዎች የሚጠቀሙበት የአማተር ሬዲዮ ሞገድ 437 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ የዚያ ሞገድ ሩቡ 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሳጥኗ ግን 10 ሴንቲ ሜትር ናት። ስለዚህ አንቴናው ታጥፎ በገላዋ ላይ ተጠምጥሞ መውጣት፣ እዚያ ሲደርስ ደግሞ ራሱን ችሎ መፈታት አለበት። እዚያ የሚፈታ እጅ የለም።

ዘዴው የታወቀ ነው። አንቴናው በዓሣ ማጥመጃ ክር ይታሰራል። ክሩ የሚነካት አንዲት ትንሽ ሬዚስተር አለች፤ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባት ትግላለች፣ ክሩን ታቀልጠዋለች፣ ሜትሩ ጧ ብሎ ይዘረጋል። መመሪያው ሳጥኗ ከሮኬቱ ከተለቀቀች በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ምንም ነገር እንዳትዘረጋ፣ 45 ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ሬዲዮ እንዳትከፍት ያዛል፤ አጠገቧ ያሉትንና ያወጣትን ሮኬት እንዳታውክ። ስለዚህ ሳጥኗ ስትለቀቅ ጸጥ ብላ ትቆጥራለች።

ሰላም ይኼን ጠረጴዛ ላይ 20 ጊዜ ሞከረችው። 20 ጊዜም ተፈታ። ጓደኞቿ ቪዲዮ ቀረጹ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ሳጥኗን አየር ተመጥጦ ወደሚወጣበት ታንክ አስገቧትና ቅዝቃዜውን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አደረሱት። 30 ደቂቃ ተቆጠረ፤ ሜትሩ አልተፈታም። ሌላ 30 ደቂቃ ጠበቁ፤ አሁንም የለም። ሦስተኛው ላይ አንዱ ልጅ «ክሩ ይሆናል የበረደው» አለ፤ ሌላው ሬዚስተሯ ተቃጥላለች ብሎ ወሰነ። ታንኩ ተከፈተ፣ ሳጥኗ ሞቀች፣ እንደገና ሲሞክሯት 30 ደቂቃው እንደሞላ ተፈታች። መሐንዲስን እንደዚህ የሚያበግን ነገር የለም፤ ብልሽቱ ሲያዩት ይጠፋል።

ሰላም ሳምንት ሙሉ ስትፈልገው ከረመች። ያገኘችው ክሩም ሬዚስተሯም ጋ አይደለም። ደብረ ብርሃን ውጭ ያደረ መኪና ጠዋት ሲያስነሡት መብራቱ ድብዝዝ የሚለው ለምንድን ነው? ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ብዙ ኃይል በአንዴ ሲጠይቁት ቮልቴጁ ይወድቃል። ሬዚስተሯ ልትግል ስትል የቀዘቀዘው ባትሪ አቅም አጣ፣ ቮልቴጁ ወረደ፣ የሳጥኗ ኮምፒውተር ጠፍታ እንደገና ተነሣች። ስትነሣ ደግሞ አሁን ገና ከሮኬቱ የተለቀቀች መሰላት፤ 30 ደቂቃዋን ከዜሮ መቁጠር ጀመረች። ሞላ፣ ሬዚስተሯ በራች፣ ቮልቴጁ ወደቀ፣ ኮምፒውተሯ ጠፍታ ተነሣች፣ መቁጠር ጀመረች። ጠፈር ላይ ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ስትቆጥር ከርማ ሳትናገር ትሞት ነበር። መሬት ላይ ያሉት ደግሞ ለምን ዝም እንዳለች ዕድሜ ልካቸውን ሲከራከሩ ይኖሩ ነበር።

መድኃኒቱ ጥቂት መስመር ኮድ ነው፦ ሰዓቱን መብራት ሲጠፋ በማይጠፋ ማኅደር ላይ መዝግቢ፣ ባትሪው ፀሐይ አግኝቶ እስኪሞቅ ጠብቂ፣ ክሩን በረጅም አንድ ጊዜ ሳይሆን በአጭር በአጭር አግዪው። መድኃኒቱን ማንም ይጽፈዋል። በሽታውን ያገኘ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነው ከምድር ቤቱ የሚወጣው። ሰላም አንቴና ይዛ ገብታ ባትሪ፣ ሙቀትና ሶፍትዌር አንድ ላይ እንደሚታመሙ ተምራ ወጣች። በትልቅ ድርጅት ውስጥ ይኼን ማየት ዓመታት ይፈጃል፤ ባትሪው የአንዱ ክፍል፣ ሶፍትዌሩ የሌላው፣ ክሩ የሦስተኛው ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያየ ሰው ጥቂት ነው። አሥር ሴንቲ ሜትሯ ያመጣችው በረከት ይኼ ነው። በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ትገባለች።

ሌሎቹን ሙከራዎች በአጭሩ ልለፋቸው። ሳጥኗን የሮኬቱን ንዝረት በሚያስመስል ጠረጴዛ ላይ አስረው ያንቀጠቅጧታል፤ ያልጠበቀ ብሎን ካለ እዚያ ይናገራል። ማጣበቂያና ፕላስቲክ ደግሞ በባዶ አየር ውስጥ ይተናል፤ የተነነው ሄዶ ካሜራው መስታወት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ማንኛውም ሙጫ በ125 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ተሞክሮ ከክብደቱ ከመቶ አንድ በላይ ካጣ አይፈቀድም። ሰላም ከሱቅ የገዛችውን ጥሩ ሙጫ የጣለችው በዚህ ነው።

ነገር ግን ከሙከራው ሁሉ በላይ ሰው የሚንቀው ወረቀቱን ነው። ስለ ወረቀት ሳወራ ወጣቶች ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ስለዚህ ሁለት ታሪክ ልንገራቸው።

በሎስ አንጀለስ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከማንም የተማሪ ቡድን ቀድመው ጠፈር የሚነካ ሮኬት ለመሥራት ዓመታት ለፍተዋል። በ2018 ትራቬለር 3 የተባለውን አስወነጨፉ፤ በደንብ ወጣ። ምናልባትም 100 ኪሎ ሜትሩን፣ ማለትም የካርማን መስመር የሚባለውን የጠፈር ደፍ አልፎ ነበር። ምናልባት የምለው ማንም ማረጋገጥ ስላልቻለ ነው፤ ከመወንጨፉ በፊት መቅጃ መሣሪያውን ማብራት ተረስቶ ነበር። ሞተሩን፣ ሙቀት መከላከያውን፣ ክንፎቹን በእጃቸው የሠሩ ልጆች፣ አንዲት ማብሪያ! በሚያዝያ 2019 ትራቬለር 4 ተወነጨፈና 103.6 ኪሎ ሜትር ግድም ወጣ፤ ይኼኛው ተመዝግቧል። እኔ ከሁለቱ የማከብረው ሁለተኛውን ሳይሆን በመካከል የነበሩትን ሰባት ወራት ነው፤ ያን የመሰለ ሐፍረት ውጠው የማስወንጨፊያ ዝርዝራቸውን እንደገና ለማንበብ የተቀመጡበትን።

ሁለተኛው የትልልቆቹ ነው። በመስከረም 1999 የናሳ የማርስ አየር ንብረት መንኮራኩር ማርስ ደርሶ ጠፋ። በመሬት ላይ ያለው የአንዱ ወገን ሶፍትዌር የግፊቱን ልክ በፓውንድ ሰከንድ ይልካል፤ ተቀባዩ ወገን በኒውተን ሰከንድ የመጣለት አድርጎ ያሰላል። ልዩነቱ አራት እጥፍ ተኩል ነው። ሁለቱም ወገን ሒሳቡን አሳምሮ ያውቃል። የተሳሳተው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፣ አንዱ ለሌላው የሚያስረክብበት ቦታ። የጠፈር ኢንዱስትሪ ደመወዝ ከሚከፍልባቸው ሥራዎች ብዙው ይህን መካከል መጠበቅ ነው፦ ምን ትሰጠኛለህ፣ በምን መለኪያ፣ መቼ፣ ማን ፈረመ። ሲቪ ላይ «ሮኬት እወዳለሁ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ብዙ ነው። የአንቴናውንና የባትሪውን ድንበር በሁለት ገጽ ጽፎ ሁለቱን ወገን ያስማማ ግን ጥቂት ነው፤ ቀጣሪዎች የሚፈልጉት ይህንን መሆኑን ለማወቅ የሥራ ማስታወቂያቸውን በጥሞና ማንበብ ይበቃል።

አሁን ወደ እናትየው ጥያቄ። ማን ይቀጥርሻል?

ሰላም በክበቡ ውስጥ ዮናስ የሚባል ጓደኛ አላት እንበል። እሱም የፈጠራ ነው። ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ የመጣ፣ ሒሳብ ላይ ከሷ የሚሻል። ሁለቱ ለአንድ የሮኬት ኩባንያ ለኢንተርንሺፕ ያመለክታሉ። ፎርሙ ላይ ስለ ነጥብ ከመጠየቁ በፊት አንዲት ጥያቄ አለች፤ የአሜሪካ ሕግ «ዩ ኤስ ፐርሰን» የሚለው ሰው ነህ ወይ? ዮናስ «አይደለሁም» ሲል ማመልከቻው እዚያው ይቆማል። ብዙ የሐበሻ ተማሪ ይኼን የሚሰማው አራተኛ ዓመት ሲደርስ ነው፤ ከአራተኛ ዓመት በፊት ቢሰማ ምርጫው ሌላ ይሆን ነበር።

ነገሩ ከጥላቻ የመጣ አይደለም፣ ከጦር መሣሪያ ሕግ ነው። ሮኬትና ሚሳኤል በእውቀት ደረጃ ወንድማማች ናቸው፤ የአንዱ ንድፍ ለሌላው ይጠቅማል። አሜሪካ የጦር ዕቃ እውቀትን ለውጭ ዜጋ ማሳየትን ልክ ዕቃውን ወደ ውጭ እንደ መላክ ትቆጥረዋለች፤ ሰውየው አጠገብህ ያለ ወንበር ላይ ቢቀመጥም። አይታር የሚባለው ደንብ ይኼ ነው። ሳተላይት ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ የገባበት አንዱ ዋና ምክንያት ደግሞ አንድ አደጋ ነው። በየካቲት 1996 ቻይና ውስጥ ሺቻንግ ላይ አዲስ ሮኬት ኢንተልሳት 708 የተባለውን አሜሪካ ሠራሽ ሳተላይት ጭኖ ሲነሣ ጎን ያዘና ከተራራው ሥር ወደቀ። የአሜሪካ ኩባንያ ባለሙያዎች የአደጋውን ምክንያት ሲመረምሩ ለቻይናውያኑ መናገር የሌለባቸውን ተናግረዋል የሚል ክስ ተነሣ፤ ኮንግረሱ ተቆጣ፤ ከ1999 ጀምሮ የንግድ ሳተላይት ሳይቀር በጦር ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ተመዘገበ። በ2014 ብዙው ወደ ንግድ ሚኒስቴር ቁጥጥር ተመልሷል፤ ሮኬቱ ግን እዚያው ነው።

አሁን ልብ በሉ፤ «ዩ ኤስ ፐርሰን» ማለት ዜጋ ማለት ብቻ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ነው። ስደተኛ ሆኖ የተቀበሉት ሰው ነው። ጥገኝነት የጸደቀለትም ነው፤ ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ሳይሆን የጸደቀለት። ይህን ቀጣሪዎች ራሳቸው ሁሌ አያውቁትም፣ ወይም ማወቅ አይፈልጉም። በ2023 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ስፔስኤክስን ስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ያለ አግባብ አልቀጥርም ብሏል ሲል ከሶት ነበር፤ በ2025 መንግሥት ክሱን ተወው። ሕጉ ግን አልተለወጠም። የጸደቀ ጥገኝነት ይዞ «አይታር ስላለ አይሆንልኝም» ብሎ ሳያመለክት የቀረ ሐበሻ ካለ የተሳሳተው እሱ ነው።

ናሳ ራሱ ደግሞ ከዚህ ይጠብቃል፤ የናሳ ቋሚ ሠራተኛ ለመሆንና ለአብዛኛው የናሳ ኢንተርንሺፕ ዜግነት ይጠየቃል። ግሪን ካርድ ለግል ኩባንያ ይበቃል፣ ለጎዳርድ የመንግሥት ሥራ አይበቃም።

የሰላም እናት ግሪን ካርዷ አምስት ዓመት ሲሞላው ለዜግነት አመለከተች፤ ስትምል ሰላም ገና 18 አልሞላትም ነበር። በሕጉ መሠረት ልጅቷም በዚያው ቀን ዜጋ ሆነች፤ ለየብቻ መማል እንኳ አላስፈለጋትም። «ማን ይቀጥርሻል» ያለችው እናት፣ የዲቪውን ፎርም የሞላችው እሷ፣ ኢንተርቪው የሄደችው እሷ፣ የዜግነቱን መቶ ጥያቄ በሥራ እረፍት ያጠናችው እሷ፣ ለልጇ የጎዳርድን በር ከፍታላት ኖሯል፤ ሁለቱም አያውቁትም።

ዮናስስ? ሥራ የለውም ማለት አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ በሚታተም መሠረታዊ ምርምር ላይ የውጭ ተማሪ መሥራት ይችላል፤ ዶክትሬቱን ይዞ ሳይንስ ላይ ከሠራ መንገድ አለው። ወይም ምዕራብ ምዕራብ ማየቱን ትቶ ምሥራቅ ማየት ይችላል። የጃፓኑ ኪዩሹ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በርድስ የሚባል ፕሮግራም ጀምሮ የጋናን፣ የሞንጎሊያን፣ የባንግላዴሽንና የናይጄሪያን ተማሪዎች አመጣ። የትዊግስን የሁለት ዓመት ችግር እንደ መርሕ ያዙት፦ ማስተርሱ ሁለት ዓመት ነው፣ ሳጥኗም በሁለት ዓመት ታልቃለች፣ ልጁ ዲግሪውን ይዞ ሲመለስ ሀገሩ ሳተላይት አላት። የአራቱና የጃፓን የራሷ፣ አምስት መንታ ሳጥኖች በሰኔ 2017 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሄደው በሐምሌ ከዚያ ተለቀቁ። ለጋና፣ ለሞንጎሊያና ለባንግላዴሽ የመጀመሪያ ሳተላይታቸው ነበረች። በ2022 የዩጋንዳና የዚምባብዌ ሳጥኖች በዚሁ መንገድ ወጡ።

በጃፓን በኩል የመሄድ መንገድ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ቦንጋ የተወለዱት፣ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተማሩት ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ከጃፓን የትምህርት ዕድል አግኝተው ነው በኋላ አሜሪካ ገብተው በሳተላይትና በመንኮራኩር ሥራ ስማቸው የታወቀው።

ኢትዮጵያ የሄደችበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ወደ 70 ኪሎ የምትመዝነው ሳተላይት፣ በታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ከቻይናው ታይዩአን ተወነጨፈች፤ ሰዓቱ በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት አልፎ ነበር፣ እንጦጦ ላይ ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች በብርዱ ተሰብስበው በስክሪን አዩት። አብዛኛው ወጪ በቻይና ድጋፍ ተሸፈነ፤ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም ቻይና ሄደው በሥራው ተሳተፉ፣ ሠለጠኑ። ይኼን ማቃለል አልፈልግም። ነገር ግን 70 ኪሎዋ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ አትገባም፤ የሄዱት ልጆች እያንዳንዳቸው ቁራጭ ነው ያዩት። የእኔ አስተያየት ከአንድ 70 ኪሎ ይልቅ አዳማና ባሕር ዳር፣ መቀሌና ጅማ ምድር ቤት ውስጥ ብዙ አንድ ኪሎዎች ቢሠሩ፣ ግማሾቹ ሳይናገሩ ቢሞቱም እንኳ፣ ብዙ መሐንዲስ ይወጣል የሚል ነው።

ሀገር ቤት ያለ ተማሪ ዛሬውኑ የሚይዘው ሥራ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ አለ፣ መሬት ላይ። ኢቲአርኤስኤስ-1 ባነሣችው ምስል ላይ አንዲት ነጥብ 13.75 ሜትር በ13.75 ሜትር ናት፤ 190 ካሬ ግድም፣ አንድ ደህና የከተማ ቦታ። ሰው አይታይበትም፣ ቤትም በቅጡ አይታይም፤ የጤፍ ማሳ ግን ይታያል፣ ሲያረጅና ሲጠወልግ ቀለሙ ይለያል። ያንን ቀለም አንብቦ ለግብርና ባለሙያ በሚገባ ቋንቋ የሚያቀርብ ሰው የጠፈር ባለሙያ ነው። አይታር አይጠይቀውም። ከዚያ ሌላ የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል ሳተላይቶች ምስላቸውን ለዓለም በነፃ ይሰጣሉ፤ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ያለው ይለማመድበታል።

ሰላምን ማመልከቻው ላይ ትተናት ነበር፤ አሁን ለኢንተርቪው ተጠርታለች። በስክሪን ነው፤ በወዲያ በኩል ሦስት መሐንዲሶች አሉ። ሲቪዋን እያገላበጡ ነው፤ ነጥቧ ደህና ነው፣ ልዩ አይደለም። አንደኛው ስለ ምህዋር አንድ ጥያቄ ጠየቃት፣ መለሰች። ሁለተኛዋ ከፊቷ ያለውን ወረቀት ገለበጠችና «ከሠራሽው ሁሉ እምቢ ያለሽን ንገሪኝ» አለቻት። ሰላም ስለ ብረቱ ሜትር ጀመረች፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ታንኩ። ሴትዮዋ አቋረጠቻት፣ ቮልቴጁ በስንት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ እንደወደቀ ለማወቅ። ሦስተኛው፣ እስካሁን ዝም ብሎ የነበረው፣ ሰዓቱን ለምን የማይጠፋ ማኅደር ላይ መጀመሪያውኑ እንዳላስቀመጡት ጠየቀ። «አላሰብንበትም» አለች። የተመደበው ግማሽ ሰዓት ነበር፤ ሲጨርሱ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ወደ ሳሎን ስትወጣ እናቷ ረከቦቱን ዘርግታ ትጠብቃት ነበር።

«ይሄን ያህል ሰዓት! ምን ምን ጠየቁሽ?»

«ስለ ዓሣ ማጥመጃ ክር።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ሁለተኛውን ስኒ ቀዳችላት።